የውሻ የልብ ዕጢ፦ ተደብቆ የሚያድግ፣ ድንገት የሚጥል ሕመም

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮ የኖረ እንስሳ ነው። በገጠር በረትና አዝመራ ይጠብቃል፤ ከእረኛው ጋር ውሎ መንጋውን ከጅብና ከቀበሮ ይከላከላል። በከተማ ደግሞ የግቢ ዘብና የልጆች ጓደኛ ነው። ይሁን እንጂ የውሻ ጤና ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው። ውሻም እንደ ሰው ልቡን እንደሚታመምና በልቡ ላይ ዕጢ ሊበቅልበት እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የልብ ዕጢ አሳሳች ሕመም ነው። ትናንት ሲሮጥና ሲጮኽ የዋለ ውሻ ዛሬ ጠዋት ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ይነሣል፣ ምግቡን ይበላል፣ ጅራቱን ይቆላል። ባለቤቱም "አለፈለት" ብሎ ይተወዋል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን ውሻው ዳግም ይወድቃል፤ ምናልባትም ተመልሶ አይነሣም። በመጀመሪያው ውድቀትና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ ውሻውን ለመርዳት የሚቻልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሕመሙን ምንነት፣ ምልክቶቹን እና ባለቤቱ ማድረግ ያለበትን ማወቅ ይጠቅማል።

ለመኾኑ የልብ ዕጢ ምንድን ነው?

ዕጢ የሰውነት ሕዋሳት ከተፈጥሯዊ ሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚፈጠር ዕባጭ ነው። በልብ ጡንቻ፣ በልብ ክፍሎች ግድግዳ፣ ልብን በሚሸፍነው ከረጢት ወይም ትልልቆቹ የደም ሥሮች ከልብ በሚወጡበት ሥፍራ ሊበቅል ይችላል። አንዳንዱ መነሻው ራሱ ልብ ነው፤ ሌላው ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በደም አማካኝነት ወደ ልብ የተሠራጨ ነው።

ሕመሙ በብዛት የሚያጋጥም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1995 ድረስ በሰሜን አሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተመዘገቡ 729 ሺህ 265 ውሾች መካከል የልብ ዕጢ የተገኘባቸው 1 ሺህ 383 ነበሩ። ይህም 0 ነጥብ 19 በመቶ፣ ማለትም ከ1 ሺህ ውሾች በሁለቱ ገደማ እንደማለት ነው። በአብዛኛው የሚታየውም በዕድሜ በገፉ፣ ከሰባት ዓመት በላይ በኾኑ ውሾች ላይ ነው።

በሰው ላይ ከልብ ከሚነሡ ዕጢዎች በብዛት የሚታወቀው ማይክሶማ የሚባለው ሲኾን፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይሠራጭ ነው። በውሻ ላይ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ አብዛኛው የውሻ የልብ ዕጢ ካንሰር ነው።

ዋና ዋናዎቹ የዕጢ ዓይነቶች

የመጀመሪያውና በብዛት የሚገኘው ሄማንጂዮሳርኮማ ነው። የሚነሣው የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት ነው። በልብ ላይ ሲበቅል የሚመርጠው ሥፍራ የቀኙን የላይኛ ክፍል፣ በተለይም ጆሮ የሚመስለውን የክፍሉን ተቀጽላ ነው። ዕጢው ደም ያዘለና በቀላሉ የሚቀደድ በመኾኑ በተደጋጋሚ ይደማል። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ ጣፊያም ፈጥኖ ይሠራጫል። ጀርመን ሼፐርድ፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ላብራዶር የተባሉት ዝርያዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ኾኖም ድቅልን ጨምሮ ማንኛውም ዓይነት ውሻ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ኬሞዴክቶማ ይባላል። ታላቁ የደም ቅዳ ከልብ በሚወጣበት ሥር፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ከሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚነሣ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የመሠራጨት ጠባዩም ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ቦክሰር፣ ቡልዶግና ቦስተን ቴሪየርን በመሳሰሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ላይ ይበዛል። ተመራማሪዎች ለዚህ ምክንያት አድርገው የሚጠረጥሩት የረዥም ጊዜ የኦክስጅን እጥረትን ነው። በፔሩ ከፍተኛ ተራሮች በሚኖሩ ሰዎችና ከብቶች አንገት ላይ ከዚሁ ወገን የኾነ ዕጢ በብዛት መገኘቱ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል።

ከእነዚህ ሌላ ሊምፎማ የተባለው የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር፣ ከቦታቸው ውጭ በልብ ሥር ከቀሩ የታይሮይድ ሕዋሳት የሚነሣ ዕጢ እንዲሁም የልብ ጡንቻና የልብ ሽፋን ካንሰሮች አልፎ አልፎ ይታያሉ።

ዕጢው ውሻውን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ልብ በቀጭን ነገር ግን ጠንካራ በኾነ ከረጢት ተሸፍኖ ይኖራል። በጤናማ ውሻ በልብና በከረጢቱ መካከል ያለው ፈሳሽ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥራውም ልብ ሲመታ ሰበቃን መቀነስ ነው። ዕጢው ሲደማ ደሙ መውጫ ስለሌለው በዚሁ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከረጢቱ በፍጥነት የመለጠጥ ችሎታ የለውም። በመኾኑም ደሙ ልብን ከውጭ ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በቅድሚያ የሚጎዳው ግድግዳው የሳሳው የቀኙ የልብ ክፍል ነው። ልብ በደም መሞላት ካልቻለ ደግሞ የሚረጨው ደም ያንሳል፤ ውሻውም ይደክማል፣ ራሱን ይስታል፣ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ወሳኙ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ደሙ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚኾን መጠን ብቻ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ቀስ በቀስ ከተጠራቀመ ግን ከረጢቱ እየሰፋ ስለሚሄድ በትልቅ ውሻ ላይ በብዙ መቶ ሚሊ ሊትር የሚለካ ፈሳሽ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውሻው ድንገት አይወድቅም፤ ይልቁንም ሆዱ በውኃ እየተሞላ፣ ጀርባው እየከሳ ይሄዳል። የተጠራቀመው ደም በከፊል ተመልሶ ወደ ሰውነት ሲመጠጥ ውሻው ለጊዜው ይሻለዋል። "አለፈለት" የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ይህ ሂደት ለከብት አርቢው አርሶ አደር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሽቦ ወይም ሚስማር የዋጠች ላም ብረቱ ከጨጓራዋ ተነሥቶ የልቧን ከረጢት ሲወጋ፣ በከረጢቱ ውስጥ መግልና ፈሳሽ ይጠራቀማል። የአንገቷ ደም ሥር ይገተራል፣ ደረቷ ሥር ያብጣል፣ መራመድ ያስጨንቃታል። የላሟ ምክንያት ብረት፣ የውሻው ምክንያት ዕጢ ይኹን እንጂ ልብን የሚያጨናንቀው መንገድ አንድ ነው።

ምልክቶቹ

በልብ ዕጢ የተያዘ ውሻ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ድንገት መዝለፍለፍ ወይም ራስን መሳት፣ በተለይም ከሩጫ ወይም ከደስታ በኋላ፤
• የድድ መንጣት፤
• ፈጣንና አጭር ትንፋሽ፤
• ቀደም ሲል ያለ ችግር ይሄድበት የነበረውን መንገድ መሄድ አለመቻል፣ ቶሎ ቶሎ መተኛት፤
• የሆድ መነፋት፤
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ማስታወክና ክሳት፤
• የማይተው ሳል።

አንዳንዱ ውሻ ከእነዚህ አንዱንም ሳያሳይ ይቆይና የመጀመሪያው ምልክት ውድቀት ይኾናል።

በቤት ውስጥ ምን ማየት ይቻላል?

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የተሟላለትና ጠባዩ ያልተለወጠ የራስ ውሻ ከኾነ፣ ባለቤቱ ሦስት ነገሮችን መመልከት ይችላል። አንደኛው ድድ ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ሲታይ የጤናማ ውሻ ድድ ሐምራዊ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ሥፍራ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። በተፈጥሮ ጥቁር ድድ ባላቸው ውሾች ላይ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ውሻው ተኝቶ ሳለ ደረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይቆጠራል፤ በእንቅልፍ ላይ ከ30 በላይ ከኾነ ሐኪም ማየት ይኖርበታል። ሦስተኛው የደም ሥር ትርታ ነው። በኋላ እግሩ የጭን ውስጥ በጣት ሲዳሰስ የሚሰማው ትርታ፣ ባረፈ ጎልማሳ ውሻ ላይ እንደ ውሻው ግዝፈት በደቂቃ ከ60 እስከ 140 ገደማ ነው። ትርታው እጅግ ፈጣንና ደካማ መኾኑ የአደጋ ምልክት ነው።

ከሌሎች ሕመሞች መለየት

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የሰው ደኅንነት ነው። ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት ከተናከሰ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኾን ስለሚችል እጅን ወደ አፉ ማስገባትም ኾነ መሸከም አይገባም። የተነከሰ ወይም ለሀጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የልብ ዕጢ ግን ከውሻ ወደ ሰውም ኾነ ወደ ሌላ እንስሳ አይተላለፍም።

የድድ መንጣትና ድካም ከመዥገር በሚመጡ የደም በሽታዎች፣ በአንጀት ጥገኛ ትሎችና በመርዝ ምክንያትም ይመጣሉ። እነዚህ ብዙዎቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚድኑ ናቸው። "ልቡ ነው፣ አይድንም" ብሎ ሳይመረመር መተው የሚድነውን ውሻ ማጣት ይኾናል።

በልብ ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ የተገኘበት ውሻ ሁሉ ዕጢ አለበት ማለትም አይደለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ውሾች አሉ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ፈሳሹ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከተቀዳላቸው በኋላ ይድናሉ።

በልብ አጠገብ ዕጢ የሚያመጣ ትል

ለአርሶ አደሩ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ስፓይሮሰርካ ሉፒ የተባለው ትል ነው። በሞቃታማ የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች እንዲሁም በመካከለኛው ምሥራቅ ይገኛል። የትሉ እንቁላል ከውሻ ዐይነ ምድር ጋር ይወጣና ፋንድያና እበት የሚመገቡ ጥንዚዛዎች ይበሉታል። ውሻ ጥንዚዛውን ሲበላ፣ ወይም ጥንዚዛ የበላ ዶሮ፣ አይጥ ወይም እንሽላሊት ሲበላ ትሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከጨጓራ ተነሥቶም በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ እየተጓዘ ወደ ታላቁ የደም ቅዳ ይደርሳል። በዚያ ለጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ወደ ምግብ ቧንቧ አልፎ ዕባጭ ይፈጥራል።

ይህ ዕባጭ በአንዳንድ ውሾች ላይ ወደ ካንሰርነት ይለወጣል። በትሉ የተቦረቦረው የደም ቅዳም ሳይታሰብ ሊፈነዳና ውሻውን በቅጽበት ሊገድለው ይችላል። ምልክቶቹ የበሉትን መልሶ መትፋት፣ ለሀጭ መብዛት፣ ክሳትና አንዳንድ ጊዜ የእግር አጥንቶች ማበጥ ናቸው። ለሀጩ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ሊያምታታ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻል። ከልብ ዕጢ በተለየ ይህን መከላከል ይቻላል። ዶሮ ሲታረድ ጥሬ የሆድ ዕቃውን ለውሻ አለመጣል፣ የውሻን ዐይነ ምድር ሰብስቦ መቅበር እና በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት መስጠት ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው። ለከብት የተገዛ የትል መድኃኒትን በግምት ለውሻ መስጠት ግን አደገኛ ነው። መጠኑ ሲበዛ ውሻውን ይመርዛል፤ እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ ለአይቨርመክቲን ከሌሎች ይበልጥ ስሱ ናቸው።

ምርመራው

የእንስሳት ሐኪም በማዳመጫ ሲመረምር፣ ከረጢቱ በፈሳሽ የተሞላ ልብ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ የታፈነ ኾኖ ይሰማል። የራጅ ምስል ልብን እንደ ኳስ ድቡልቡል አድርጎ ያሳያል። ወሳኙ ግን አልትራሳውንድ ነው፤ ፈሳሹንም፣ ብዙ ጊዜም ዕጢውን ራሱን ያሳያል። ውሻው ጊዜ የሚሰጥ ከኾነ አልትራሳውንዱ ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ዕጢውን ከልብ ግድግዳ ለይቶ ለማየት ይረዳል። ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያም አብረው ይታያሉ። ከከረጢቱ የተቀዳው ፈሳሽ በቤተ ሙከራ ቢታይም ካንሰር መኾን አለመኾኑን ብዙ ጊዜ ቁርጥ አድርጎ አይናገርም። ትናንሽ ዕጢዎች በመጀመሪያው ምርመራ ላይታዩ ስለሚችሉ ድጋሚ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ መሣሪያ በሁሉም የእንስሳት ክሊኒክ አይገኝም። በመኾኑም ውሻውን ረዥም መንገድ ከማንገላታት በፊት ስልክ ደውሎ አልትራሳውንድ መኖሩን፣ ከልብ ከረጢት ፈሳሽ የሚቀዳ ባለሙያ መኖሩንና ዋጋውን መጠየቅ ብልኅነት ነው። የቅርቡ የእንስሳት ጤና ኬላ ባለሙያም ወዴት መሄድ እንደሚገባ ሊጠቁም ይችላል።

ሕክምናውና የሚያስገኘው ዕድሜ

የመጀመሪያው እርዳታ ከልብ ከረጢት ፈሳሹን መቅዳት ነው። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል በጎድን አጥንቶች መካከል መርፌ አስገብቶ ፈሳሹን ያወጣል። ልብ ከጫናው ሲገላገል ውሻው በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ ይዘራል። ይሁን እንጂ መንሥኤው ሄማንጂዮሳርኮማ ከኾነ ዕጢው እንደገና ስለሚደማ እፎይታው ከቀናት ወይም ከሳምንታት አያልፍም።

ቀዶ ሕክምና ባለበት አገር ዕጢው ወይም የልቡ ከረጢት ይወገዳል፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒትም ይሰጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ በቀኙ የላይኛ የልብ ክፍል ላይ የነበረ ሄማንጂዮሳርኮማ በቀዶ ሕክምና ከተወገደላቸው 23 ውሾች መካከል ኬሞቴራፒ ያላገኙት መካከለኛ (ሚዲያን) የሕይወት ዘመን 42 ቀን፣ ያገኙት ደግሞ 175 ቀን ነበር። ሕክምናው ዕድሜን ያራዝማል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም።

ኬሞዴክቶማ ግን የተሻለ ተስፋ አለው። የልባቸው ከረጢት በቀዶ ሕክምና የተወገደላቸው ውሾች ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዶቹም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር ይችላሉ። የጨረር ሕክምና በሚገኝበት ሥፍራም ዕጢውን ለመቀነስ ያገለግላል። የዕጢውን ዓይነት መለየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ሆዱ የተነፋን ውሻ አይቶ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው። በከረጢት ውስጥ ባለ ፈሳሽ የተጨነቀ ልብ ለመሞላት በቂ የደም ግፊት ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ይህን ግፊት ቀንሶ ውሻውን ይጥለዋል። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይም አይቡፕሮፌን፣ ለውሻ መርዝ ሊኾን ይችላል። ራሱን ለሳተ ውሻ ወተት ወይም ውኃ በግድ ማጠጣት ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። የወደቀ ውሻ በጥላ ሥር ጸጥ ብሎ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ሲጓጓዝም ሳይሮጥና ሳይጨናነቅ መኾን አለበት።

የባለቤቱ ውሳኔ

ምርመራው የልብ ዕጢ መኾኑን ካረጋገጠ ባለቤቱ ከሐኪሙ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ዕጢው የትኛው ዓይነት ይመስላል? ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሠራጭቷል? ፈሳሹ ቢቀዳ ውሻው ምን ያህል ጊዜ ያለ ስቃይ ሊኖር ይችላል? ከመልሱ ጋር የቤተሰቡን አቅም መዝኖ መወሰን የባለቤቱ ድርሻ ነው። ገንዘብ አንሶት የመጨረሻውን ሕክምና ማድረግ ያልቻለ ሰው ውሻውን ከድቷል አይባልም። በሽታው በሕክምና በበለጸጉት አገሮችም ብዙ ጊዜ የሚያሸንፍ ነውና።

ውሻው ደጋግሞ የሚወድቅ፣ መብላት ያቆመና ለመተንፈስ የሚታገል ከኾነ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በመርፌ፣ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ሌላው አማራጭ ነው። በመርዝ ወይም በዱላ መግደል ለእንስሳው ጭካኔ ነው፤ መርዙም ሌሎች እንስሳትንና ልጆችን ለአደጋ ያጋልጣል። የሞተ ውሻ ወንዝ ዳር ወይም ሜዳ ላይ ከመጣል ይልቅ ከውኃ ምንጭ ርቆ በጥልቀት ሊቀበር ይገባል። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ ከኾነ ግን ከመቀበሩ በፊት ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ለልብ ዕጢ ክትባት የለም። ከሰባት ዓመት በላይ የኾነውን ውሻ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን ማሟላት፣ ትሉንና መዥገሩን መከላከል ግን ከባለቤቱ የሚጠበቁ ናቸው። አንድ ጊዜ ተዝለፍልፎ የወደቀ ውሻ ቢነሣም እንኳ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።